ወጥ ቤት የተሰቀለው የፊደል ገበታ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ከአንድ የኢትዮጵያ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ስለገዛሁት ትልቅ የግድግዳ ፊደል ገበታ ልጽፍ ነው። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ቤታችን ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ እሱ ነውና፣ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ግዙት። ነገር ግን ጀርባውን ሳታዩ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፤ ሥዕሎቹንም አትመኗቸው።

ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ አራት ሞልቶታል፤ ታናሻቸው ገና በዳዴ ትሄዳለች። ትልቋን ትምህርት ቤት አላስገባናትም፤ የምትማረው ቤት ነው። በሜሪላንድ ወላጅ ልጁን ራሱ ለማስተማር ሲወስን፣ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ በአግባቡ እየተሰጡ መሆናቸውን የሚያሳይ የልጁን ሥራዎች ማኅደር ይይዛል። ማኅደሩም በዓመት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይታያል። ከእነዚህ ስምንት ትምህርቶች መካከል አማርኛ የለም። አስተማርሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ባለሥልጣን የለም፤ ብተወውም የሚወቅሰኝ የለም። አማርኛ በዚህ ቤት ቦታ የሚያገኘው እኔና አባታቸው ቦታ ስንሰጠው ብቻ ስለሆነ፣ የምንገዛውን ዕቃ አጥብቄ እመረምራለሁ።

ገበታው ቁመቱ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ወፍራም ወረቀት ላይ ታትሞ በሁለቱም በኩል በፕላስቲክ ተለብጧል። ከላይ ወደ ታች 33ቱ ፊደላት በመደበኛው የሀ ለ ሐ መ ተራ ይወርዳሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱ ድምፆች ተደርድረዋል። ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ትልቋ ይህን በሰባት በሰባት እየቆጠረች ደርሳበታለች፤ የቆጠረችበትም ወረቀት በማኅደሯ ውስጥ ከሒሳብ ሥራዎቿ ጋር ተቀምጧል። ከሥር ቨ ከነዘሩ፣ ቀጥሎ እንደ ቋና ኳ ያሉት ዲቃላዎቹ፣ በመጨረሻው መስመር የግዕዝ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፼ አሉ። በግራው ጠርዝ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ሥዕል ተሰጥቶታል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ቀለሙን ነው። ፊደሉ ጥቁር ሆኖ፣ ድምፁን የሚለውጠው ጭረት፣ ቀለበት ወይም የረዘመ እግር ቀይ ነው። ሉ ጎኑ ላይ ያለችው ጭረት ቀይ ናት፤ ሊ እግሩ ሥር ያለችው ቀይ ናት፤ ላ የረዘመው ቀኝ እግሩ ቀይ ነው፤ ሌ ላይ ቀለበቷ። እኛ ስንማር እነዚህን ልዩነቶች ማንም በጣቱ አላሳየንም፤ በዜማ እየወረድን ዓይናችን በራሱ ጊዜ ለመደው። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም። ልጄ አንድ ቀን ቁርስ እየበላች በማንኪያዋ ወደ ገበታው እያመለከተች፣ “እማዬ፣ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ‘ኤ’ ናት!” አለችኝ። ሌ፣ ቤ፣ ኬ፣ ዴ፣ ጌ እያለች ራሷ ወረደች። ወዲያው ደግሞ ሎ እና ቶ ላይ ቀለበቷ ከላይ ተቀምጣ “ኦ” እንደምትል አየችና ተከራከረችኝ። ሳድስም የራሱ ዐመል አለው፤ ል፣ ም፣ ር፣ ብ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይሄዳሉ፤ እነሱን በቃል ከመያዝ በቀር መንገድ የለም። ገበታው የሳድስን ዐምድ ለብቻው ፈዘዝ ባለ ቢጫ መደብ ላይ ማተሙ የሚያስመሰግነው ነው፤ ያዘጋጀው ሰው ልጅ አስተምሮ የሚያውቅ መሆን አለበት።

በቀይ ቀለሙ ምክንያት ሌላም ነገር ተገልጦልናል። ባ ቀኝ እግሩን፣ ቦ ደግሞ ግራ እግሩን ያረዝማል። ሳ እና ሶ፣ ዳ እና ዶም እንዲሁ ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ቀኝና ግራው ገና አልጸናለትምና እነዚህን ሲያደበላልቅ ከረመ። ቀዩን እግር በጣቱ እየዳሰሰ “ይሄኛው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ያኛው ወደ መስኮቱ” ማለት ከጀመረ ወዲህ ተሻሽሏል። ማቀዝቀዣው በስተቀኝ፣ መስኮቱ በስተግራ ነው።

እንዲሁም ተ ራሱ ላይ ተጨምሮለት ቸ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ፣ ሰ ሸ፣ ዘ ዠ፣ ከ ኸ፣ ጠ ደግሞ እግሩ ላይ ተጨምሮለት ጨ እንደሚሆን ገበታው ያለ ቃል ያስተምራል። በግዕዝ ያልነበሩት እነዚህ ሰባት ፊደላት ለአማርኛ ድምፅ ሲባል ከእናቶቻቸው የተወለዱ ናቸው፤ በተራውም ከእናቶቻቸው ቀጥለው ተቀምጠዋል። ራሳቸው ላይ የተጨመረላቸውን ልጆቼ “ባርኔጣ ያደረጉት” ይሏቸዋል።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። እዚህ ላይ ቅሬታዬ ብርቱ ነው። ለ አጠገብ ላም ተሥላለች። ደ አጠገብ ዳቦ፣ ገ አጠገብ ጋሪ፣ መ አጠገብ ማር፣ ሰ አጠገብ ሳሙና አለ። እነዚህ ሁሉ በራብዕ የሚጀምሩ ቃላት ናቸው! ልጁ ፊደሉን አይቶ፣ ሥዕሉን አይቶ፣ “ላ” ቢል ጥፋቱ የማን ነው? የእኔው ልጅ ለን “ላ”፣ ደን “ዳ” ማለት የጀመረው በዚህ ገበታ ምክንያት ነው። ቃል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር እል ነበር፤ ጰ ላይ ጳጳስ፣ ፐ ላይ ፓፓያ መደረጉ አይከፋኝም፤ ለኘ በግዕዙ የሚጀምር ቃል ማግኘትማ ከባድ ነው። ነገር ግን ለውዝ እያለ ላም ምን ትሠራለች? ደወል አለ፣ ገመድ አለ፣ መርፌ አለ፣ ሰዓት አለ። በዚያው ገበታ በ ላይ በግ፣ ነ ላይ ነብር፣ ጀ ላይ ጀበና፣ ጨ ላይ ጨረቃ፣ ፈ ላይ ፈረስ በትክክል ተቀምጠዋል፤ ጥንቃቄው እስከ መጨረሻ ቢዘልቅ ምንኛ ባማረ። እኔ የተሳሳቱትን ሥዕሎች በነጭ ተለጣፊ ወረቀት ሸፍኜ፣ ትልቋ ትክክለኛውን እንድትሥልበት አድርጌአለሁ። የሣለችው ለውዝ ድንች ይመስላል ብሎ ወንድሟ ቢከራከርም ለን “ለ” ማለት ጀምሯል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ዲቃላዎቹ ነው። ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ቧ፣ ጧ እና ጓደኞቻቸው ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ተጨናንቀው ታትመዋል። ትንሽ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ የሚፈልገው ቃል ኳስ ነው። ቀጥሎ ጓደኛ ይመጣል። ክረምት ሲሆን ጓንቲ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧ። የሚፈልጋቸው ፊደላት ሁሉ ወለሉ አጠገብ፣ የጉንዳን ያህል ሆነው ተቀምጠዋል። በዳዴ የምትሄደዋ ብቻ ናት በቅርብ የምታያቸው፤ እሷም የምታየው ልትልሳቸው ነው።

ስለ ጀርባው ደግሞ በተለይ አንብቡልኝ። ገበታው ተገልብጦ ሲታይ አቡጊዳ ታትሞበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ የሚሄደው፣ በአንድ መስመር ሰባት የተለያዩ ፊደላትን በሰባት የተለያዩ ድምፆች የሚያሰልፈው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ሳያይ፣ ተራውን ብቻ ይዞ ሊወርድ ይችላል። ወንዱ ልጄ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ሳይሳሳት “ያነብ” ነበር። ጣቴን መሀል ላይ አድርጌ “ይህስ?” ስለው ግን ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ እየዘመረ ካልደረሰ አያውቀውም። አቡጊዳ ይህን ይነጥቀዋል። ዜማው ሊሸከመው ስለማይችል ዓይኑ መሥራት ግድ ይለዋል።

እና ይህን የመሰለ መድኃኒት ገበታው ጀርባ ላይ አትመውታል! ማንም ወላጅ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ዳግም አያየውም። በመደብሩም ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ብዙዎች መኖሩን እንኳ አያውቁም፤ ቤታችን ከመጡት እናቶች አንዷ ያው ገበታ ኖሯት እኛ ቤት ነው ጀርባውን ያየችው። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ከላይ በኩል በልብስ መቆንጠጫ ይዘን፣ ከአጭር የመጋረጃ ዘንግ ላይ በገመድ አንጠልጥለነዋል። ጠዋት ፊቱ፣ ከሰዓት በኋላ ጀርባው ይታያል። የኪራይ ቤት ለሚኖሩም ይህ ይሻላል፤ ገበታው ራሱ ቀዳዳ ስለሌለው ብዙ ሰው በፕላስተር ይለጥፈዋል፣ ፕላስተሩ ሲነሣም የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይመጣል። ጫፎቹን በስተው የብረት ቀለበት አድርገውበት ቢሸጡት ምን ያህል ወጪ ይጨምርባቸው ነበር?

ወጥ ቤት የሰቀልነው አስበን ነው። እኛ ቤት የመማሪያ ክፍል የሚባል የለም፤ ቀኑ የሚያልፈው በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ነው። ጠዋት ገንፎ ወይም ፍርፍር ተበልቶ ጠረጴዛው ሲጠረግ የእንግሊዝኛውና የሒሳቡ ደብተር ይወጣል። ሕፃኗ ስትተኛ ጸጥታ የሚፈልገውን ሥራ እንሠራለን፤ ስትነቃ ደግሞ ሁላችንም ካፖርታችንን ለብሰን ወደ ስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር እንወጣለን። አማርኛ በዚህ መካከል የተወሰነ ሰዓት የለውም። ሽንኩርት እየከተፍኩ “ሽ የታለ?” እላለሁ፤ ወንዱ ማማሰያውን ይዞ ይሮጣል። “ን?” ይሻገራል። “ኩ?” “ር?” “ት?” ሲጨርስ ሽንኩርቱ ምጣድ ላይ ነው። ትልቋ የገበያ ዝርዝር ጸሐፊ ሆናለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ቅቤ እያለች ፊደሉን ከገበታው እየገለበጠች ትጽፋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገበታው ሥራ ከሚሠራበት፣ ከሚበላበትና ከሚጣሉበት ቦታ ስላለ ነው። መኝታ ቤት ወይም ኮሪደር ላይ ሰቅላችሁ ልጆቹ ይማሩበታል ብላችሁ አትጠብቁ። የታችኛው ጫፉ ከትንሹ ልጅ ጉልበት ከፍ እንዳይል አድርጉ፤ ልጁ በእጁ መንካት ካልቻለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መስኮት ፊት ለፊትም አትስቀሉት። ፕላስቲኩ እጅግ ያብረቀርቃል፤ የእኛው መጀመሪያ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት የሳብዕ ዐምድ ጨርሶ አይታይም ነበር።

አባቴ በልጅነቱ የቄስ ተማሪ ነበር። እዚህ ጠዋት ሲሆን ደብረ ብርሃን ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፣ ቁርስ ላይ በቪዲዮ ይደውልልናል፤ ስልኩን ወደ ገበታው እናዞርለታለን። ትልቋ አንድ ቀን፣ “አባባ፣ ለምንድን ነው ሀ ብዙ የሆነው?” ብላ ጠየቀችው። “በግዕዝማ ድምፃቸው ለየቅል ነበር፣ የኔ እመቤት፤ ዛሬ ነው አንድ የሆነው። ስማቸውን ልንገርሽ” አለና ቆጠረላት፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ልጄ እነዚህን ስሞች እንደ ሰዎች ስም ያዘቻቸው። ንጉሥ ስትጽፍ “ንጉሡን ሠ” ትፈልጋለች፤ ሐምሌ ስትጽፍ “ሐመሩን” ትለኛለች። ገበታው ይህን ሁሉ የሚነግርበት ሰፊ ባዶ ቦታ በቀኝ ጠርዙ አለው፤ ምንም አልጻፈበትም። በእኔ እምነት ከሥዕሎቹ ሁሉ ይልቅ እነዚህ ዘጠኝ ስሞች ቢታተሙበት ይበልጥ ይጠቅም ነበር። አያት በቅርብ የሌላቸው ልጆች ከየት ይሰሟቸዋል? እኔ በማርከር ጽፌአቸዋለሁ፣ ሞክሼዎቹንም በተመሳሳይ ቀለም አክብቤአለሁ።

ጥንካሬውን በሚገባ ፈትነነዋል። ሽሮ ተንተክትኮ ተረጭቶበታል፣ እርድ በያዘ እጅ ተዳስሷል፣ እንፋሎት ቀን ከቀን ያገኘዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይነጻል። የነጭ ሰሌዳ ማርከር ይጻፍበታል፣ ይጠፋል፤ ለቀናት ከተተወ ግን ጥላው ይቀራልና ያን ጊዜ አልኮል ያስፈልጋል። የማይጠፋውንም ማርከር ወንዱ ልጅ ሞክሮበታል፤ አልኮሉ እሱንም አነሣው። ማዕዘኖቹ ግን ስል ናቸው፤ ለሚድህ ሕፃን ፊት አደገኛ ስለሆኑ በመቀስ ክብ አድርጉአቸው። ስትቆርጡ ወረቀቱን አትንኩ፤ ከወረቀቱ ውጭ የተረፈውን የፕላስቲኩን ዳር ብቻ ቁረጡ፤ አለበለዚያ የወጥ ቤቱ እርጥበት በዚያ ይገባና ወረቀቱ ያብጣል።

የከፈልኩት 25 ዶላር ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚሸጠው ስስ የፊደል ወረቀት ከዚህ እጅግ ይረክሳል፤ እኛም ዘመድ ያመጣልን ነበር፤ ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት ሳምንትም አልቆየ። ስልክ ላይ የሚጫኑ የፊደል ጨዋታዎችንም ሞክረናል። ልጁ ትክክለኛውን ፊደል ሲነካ ያጨበጭባሉ፣ ሲሳሳትም ደግመው ደጋግመው ያስነኩታል፤ ወንዱ ሳያነብ እየነካ ማለፍን ተማረባቸው። ገበታው አያጨበጭብም፤ ጊዜውን ጠብቆ የሚጠይቅ ወላጅ አጠገቡ ካልቆመ ደግሞ ምንም አያስተምርም። ይህን አውቃችሁ ግዙት። እናትም አባትም ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውሉበት ቤት ከሆነ፣ ቢያንስ እራት ሲሠራ ልጁ አጠገባችሁ በሚሆንበት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ ምቹ ነው። ፊደል ለይቶ ለጨረሰ ትልቅ ልጅ አልገዛውም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ትልቋ ራሷ አሁን ከገበታው እየራቀች ነው። ባለፈው መደብሩ ውስጥ የሽሮውን ከረጢት አንሥታ “ም፣ ጥ፣ ን፤ ምጥን!” ብላ ስታነብ ባለ መደብሩ አንድ ብስኩት ሰጣት፤ ወንድሟም ወዲያው ጨው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻልኩ ብሎ አለቀሰ።

ያዘጋጃችሁት ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፦ ቀዩን ቀለም አትንኩት። ላሟን፣ ዳቦውንና ጋሪውን አውጡ፤ ዲቃላዎቹን አጉሉልን፤ አቡጊዳውን በሌላ ገበታ ለይታችሁ አትሙት። እሱን ያሳተማችሁ ዕለት እኔ ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ቨርጂኒያ ላለችው እህቴ ልጆች።